የጀርመንን ጥምር መንግሥት ለቀሐ ዳር እድር ያስተማሩት የአቶ እንግዳው ማንያዘዋል የሕይወት ታሪክ

አቶ እንግዳው ማንያዘዋል ከአባታቸው ከአቶ ማንያዘዋል ዳኛው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለላ ፈንቴ፣ በቀድሞው አጠራር በበጌምድር ጠቅላይ ግዛት፣ በአዲ አርቃይ ከተማ ጥቅምት 14 ቀን 1953 ዓ.ም ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ኃይለ ገብርኤል ነው። አባታቸው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርደው ለሚመጡ የጭነት ማኪና ሾፌሮች ማረፊያ ቤት ነበራቸው። ፍሬን ጋለብኝ፣ ጎማ ፈነዳብኝ የሚል ሁሉ እዚያ ይቆማል። እንግዳው ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት የማኪና ሆድ ዕቃ ቆጥረዋል ይሉ ነበር እናታቸው። እናት ስለ ልጇ ስታወራ መጨመሯ አይቀርም፤ እኛም ከነጭማሪው ተቀብለነዋል።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በትውልድ ከተማቸው፣ የሁለተኛ ደረጃውን በጎንደር ከተማ ተከታትለው ካጠናቀቁ በኋላ በመኪና ጥገና ሙያ ተቀጥረው ሠሩ። በ1977 ዓ.ም ለከባድ ተሽከርካሪ ጥገና ሥልጠና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተላኩ፤ የደረሱበትም ከተማ ላይፕዚግ ነበር።

በዚያን ጊዜ የነበረችው ምሥራቅ ጀርመን በአንድ ፓርቲ የምትታዘዝ ሀገር ነበረች። ምርጫ ማለት የተሰጠህን ወረቀት አጥፈህ ሳጥን ውስጥ መክተት እንደነበረ አቶ እንግዳው ይናገሩ ነበር። “ከእኛ አገር ወጥቼ እኛው አገር ገባሁ” ይሉ ነበር ስለዚያ ዘመን። ኋላ የበርሊን ግንብ ፈረሰና መጋቢት 9 ቀን 1982 ዓ.ም የመጀመሪያው ነፃ ምርጫ ተደረገ። የውጭ ሀገር ሰው ስለሆኑ ድምፅ መስጠት አልቻሉም፤ ነገር ግን የድምፅ ቆጠራው ለማንም ክፍት መሆኑን ሰምተው አንድ ትምህርት ቤት ገብተው ግድግዳ ተደግፈው ተመለከቱ። ወረቀቱን ከሚቆጥሩት አንዷ ሴት የሚሸነፈው ፓርቲ አባል ነበረች። ፊቷ ሳይለወጥ ቆጥራ ጨረሰች፣ ፈረመች፣ ካፖርቷን ለበሰችና ባልደረቦቿን ተሰናብታ ወጣች። አቶ እንግዳው ከጀርመን ያመጡት ዋናው ዕቃ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቀረው አንድ ቦርሳ የመፍቻ ዕቃና አንድ ራዲዮ ነበር።

በ1983 ዓ.ም ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በጎንደር ከተማ ቀሐ አካባቢ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። በ1986 ዓ.ም ከወይዘሮ ማሬ ተገኘ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ጋራዡ ማኪና የሚሠራበት ብቻ ሳይሆን ከጀርመን ለሚመጡ ጎብኚዎች አስጎብኚ መሆን የሚሹ ወጣቶች ጀርመንኛ የሚማሩበት ቤት ነበር። ክፍያ አይጠየቅም። ይሁንና ግሥ የሳተ ተማሪ የሞተር ዘይት ያለበት በርሜል ይጠርግ ነበር፤ በዚህ ሰበብ የጋራዡ በርሜሎች ከከተማው ሁሉ የጸዱ ነበሩ።

የጀርመን ምርጫ በደረሰ ቁጥር ጋራዡ ይሞላል። አቶ እንግዳው ከጀርመን የሚተላለፈውን የአማርኛ ራዲዮ ከፍተው፣ ፓርቲዎቹን በየቀለማቸው በኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ ይጽፋሉ። የሚያስተምሩትም ይህን ነበር፦ በዚያ ሀገር አንድ ፓርቲ ብቻውን ከግማሽ በላይ ወንበር ማግኘት ብርቅ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚጀመረው ምርጫው ካለቀ በኋላ ነው። ትናንት አደባባይ ላይ ሲዘላለፉ የከረሙ ሰዎች ዛሬ አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ አንተ ይህን ተው፣ እኔ ያን ልተው ተባብለው፣ የተስማሙበትን እስከ ጥቃቅኑ ይጽፋሉ። ጥምረቱንም በቀለማቸው ይሰይሙታል። በ2014 ዓ.ም ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ፓርቲዎች መንግሥት መሥርተው ጥምረቱ “የትራፊክ መብራት” ሲባል አቶ እንግዳው ተቀየሙ። “ቀለሙስ የእኛ ነው፤ ምነው መብራት አሉት?” አሉ። ያ ጥምረት በጥቅምት 2017 ዓ.ም ሲፈርስ ደግሞ ለቅሶ እንደ ተቀመጠ ሰው ጋራዡን ዘግተው ዋሉ።

በ2010 ዓ.ም ጀርመኖች ግማሽ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ መንግሥት ሳይመሠርቱ ሲደራደሩ፣ የሰፈራችን ጡሩምባ ነፊ አያ ዋሴ ዜናውን ሰምተው ጋራዥ ድረስ መጡ።

“እንግዳው፣ ጀርመን መንግሥት የላትም አሉኝ። ታዲያ ማን ይቆጣቸዋል?”

“የሚቆጣቸው የለም፣ አያ። እየተነጋገሩ ነው።”

“ይህን ያህል ወር? ምን የማያልቅ ነገር ነው?”

“የማያልቀው ስለሚጽፉት ነው፤ ኋላ እንዳይጣሉበት” አሏቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን በዚህ ድንኳን የተቀመጣችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ሆኖም ለቅሶ ለመድረስ ከማክሰኝትና ከአዲ አርቃይ የመጡ ዘመዶች ስላሉ ይነገራል። አንዳንዶቻችሁም ደግማችሁ ብትሰሙት አይጎዳችሁም።

በ2011 ዓ.ም ከጭልጋ በኩል ቤት ንብረታቸውን ጥለው የመጡ ቤተሰቦች ቀሐ ዳር ተጠግተው እድራችን እንዲያስገባቸው ጠየቁ። የእድሩ ደንብ አዲስ ገቢ ዓመት ካልሞላው አይቀበርለትም ይላል። ዓመቱ ሳይሞላ ከመካከላቸው ወይዘሮ አባይነሽ አረፉ። ጡሩምባ ይነፋ፣ አይነፋ በሚል ዕቃ ቤቱ በር ላይ ጠብ ተነሣ። ደንብ ደንብ ነው ያሉት ከሊቀ መንበሩ ከአቶ ባምላክ ጋር ቆሙ። ሞት ዓመት አይጠብቅም ያሉት ወይዘሮ መንበረን ይዘው ወጡ። እድሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ዕቃውም እንደዚያው። ነባሩ እድር ድንኳኑን ያዘ፤ አዲሱ አግዳሚ ወንበሩንና ብረት ድስቱን ወሰደ። ስለዚህ ስድስት ዓመት ያህል የአቶ ባምላክ ወገን ሸጋ ድንኳን ተክሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ የወይዘሮ መንበረ ወገን በሸጋ ወንበር ተደርድሮ ፀሐይ ላይ አለቀሰ። ሁለቱም ወገን ዕቃ ሲካፈል ወይዘሮ አባይነሽን ግን ከእድሩ ማንም አልቀበራቸውም። ልጃቸው ምስጢርና የጭልጋ ሰዎች ብቻቸውን ተሸክመው ሲሄዱ ከሰፈሩ የተከተሉ አቶ እንግዳውና አያ ዋሴ ብቻ ነበሩ። የጭልጋ ሰዎችም በእኛ ሰበብ በተከፈለ እድር አንገባም ብለው ቀሩ።

አቶ እንግዳውን ሁለቱም ወገን ፈለጓቸው፤ ወደ ሁለቱም አልገቡም። እድር የሌለው ሰው በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በ2016 ዓ.ም የኩላሊት ሕመም እንዳለባቸው ሲነገራቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ማሬ በአንዱ ይመዝገቡ ብለው ለመኗቸው።

“ምነው፣ ማን ሊቀብርዎት ነው?”

“ግማሽ እድር የሚቆፍረው ግማሽ ጉድጓድ ነው፣ ማሬ። እግሬ ውጭ ሊቀር ነው?” አሉ።

ቤተሰቡ በዚህ ሳቀ፤ ሌሊት ግን አልሳቀም። አቶ እንግዳውም የቀራቸው ጊዜ እንደ ድሮው እንዳልሆነ ያውቁ ነበር።

የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም ጀርመኖች መርጠው፣ እንደ ልማዳቸው ማንም ብቻውን ሳይበቃ ቀርቶ ድርድር ሲጀምሩ፣ አቶ እንግዳው አቶ ባምላክንና ወይዘሮ መንበረን ጋራዥ ጠሩ። “እነሱ ሲጀምሩ እኛም እንጀምር፤ ቀድመውን ከጨረሱ ግን ነውር ነው” አሏቸው። ሁለቱ ሊቃነ መናብርት ከአሮጌ ማኪና በተነቀሉ ወንበሮች ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። የተባባሉትን ሁሉ እዚህ መጻፍ አይቻልም፤ ቀብር ላይ የሚነበብ ወረቀት ነውና።

“መንበረ፣ አንቺ እኮ ድንኳን የለሽም፤ በምን ታስተዳድሪያለሽ?” አሉ አቶ ባምላክ።

“አያ ባምላክ፣ አንቱስ መቀመጫ የለዎት። ተንበርክኮ የሚያለቅስ እድር የት አዩ?”

አቶ እንግዳው ሦስተኛ ሰው ጨመሩበት፤ ምስጢርን። አቶ ባምላክ ይህች ደግሞ የማን ወገን ናት ብለው ሲጠይቁ፣ “የጠባችሁ ምክንያት ናት። ምክንያቱ ሳይቀመጥ ጠብ አይፈታም” አሏቸው። ጀርመን ውስጥም ትንሿ ፓርቲ ካልተቀመጠች ትልቆቹ ከግማሽ በላይ ወንበር የማይሞላላቸው ጊዜ አለ ብለው አስረዱ። ምስጢር ረጅም ነገር አልተናገረችም። “ድንኳኑም ወንበሩም አልቸገረኝም። እናቴ ስትሞት ጡሩምባ አልተነፋላትም። ለሁሉም ይነፋል ተብሎ ይጻፍልኝ” አለች። ተጻፈ።

ትልቁ ቋጥኝ የዓመቱ ጉዳይ ነበር። አቶ ባምላክ አንድ ዓመት ካልቆየ አይሆንም፣ ወይዘሮ መንበረ አንድ ቀንም አይቆይም ብለው ሁለት ጊዜ ተነሥተው ሄደው ተመልሰዋል። አቶ እንግዳው ለሁለት ከፈሉት። አዲስ ገቢ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ይቀበርለታል፤ ድምፅ የሚሰጠው ግን ዓመት ሲሞላው ነው። ሁለቱም ከፊሉን አጡ፣ ከፊሉን አገኙ። “ሁለታችሁም ትንሽ ከከፋችሁ ውሉ ደህና ነው ማለት ነው” አሉ። ውሉም ለአራት ዓመት ብቻ ነው። ለዘለዓለም ይሁን ያሉ ነበሩ። እሳቸው ግን ዘለዓለም የእግዚአብሔር ነው፣ ለሰው አራት ዓመት ይበቃዋል ብለው እንቢ አሉ።

በርሊኖቹ ቀደሙን። ሚያዝያ 28 ቀን ፓርላማቸው መራሔ መንግሥት፣ የእነሱን ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሊመርጥ ተሰብስቦ፣ የተስማሙት ሁሉ ድምፅ ይሰጣሉ ሲባል ዕጩው በመጀመሪያው ዙር ወደቁ። ድምፁ በምስጢር ነውና ማን እንደከዳ አልታወቀም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግመው መረጧቸው። አቶ እንግዳው ይህን ሰምተው ገንቦ አስመጡ።

የሁለቱ እድሮች አባላት ውሉን ሊያጸድቁ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰቡ። እጅ አውጡ ሲባል ሁሉም አወጣ። በእኛ አገር ጎረቤት እያየ እጁን የማያወጣ ማን አለ? አቶ እንግዳው ግን እጅ አይበቃም ብለው በገንቦ አስመረጡ፤ እሺ ያለ ሽንብራ፣ እንቢ ያለ ባቄላ ይጥላል። ገንቦው ሲገለበጥ ባቄላው በለጠ። አቶ ባምላክ ያንቺ ሰዎች ናቸው፣ ወይዘሮ መንበረ የአንቱ ናቸው ተባባሉ፤ ሰዉም ነጠላውን እያነሣ መበተን ጀመረ። አቶ እንግዳው ተደግፈው ነበር የመጡት። ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ “ማን እንደሆነ አትፈልጉ፤ ምን እንደሆነ ፈልጉ። ዛሬ ሳንደግመው ከሄድን ነገ የሚደግመው የለም” አሉ።

ከኋላ አንድ ድምፅ፣ “ጡሩምባ ይነፋል ይላል እንጂ ማን ይነፋል አይልም” አለ። እውነት ነው። እድሩ ሲከፈል አዲሱም የራሱን ጡሩምባ ነፊ ቀጥሮ ነበር። ውሉ ጡሩምባውን ጽፎ ነፊውን ረስቷል፤ የሁለቱ ነፊዎች ዘመዶችም ያላቸውን ባቄላ ሁሉ ጥለዋል። ስም አልጠራም፤ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። አያ ዋሴ የላዩን መንደር፣ የአዲሱ ነፊ የታቹን ይንፉ ተብሎ እዚያው ተጻፈና ድምፅ ተደገመ። ሽንብራው በለጠ።

በዚያው ቀን አቶ እንግዳው ከምስጢርና ከጭልጋ ሰዎች ጋር ተሰልፈው እንደ አዲስ ገቢ ተመዘገቡ። መሥራች ስለሆኑ ዓመቱ ይቅርላቸው የሚል ሐሳብ ከአቶ ባምላክ ቢቀርብም፣ እኔ የጻፍኩትን እኔ ልሽረው ወይ ብለው አልተቀበሉም። በነሐሴ ከጭልጋ ሰዎች አንድ አባት ሲያርፉ ጡሩምባው በላይም በታችም ተነፋ። አቶ እንግዳው ድንኳኑ ሥር፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ለቅሶ ደረሱ። ጥላና መቀመጫ አንድ ግቢ ሲገናኙ አይተዋል።

አቶ እንግዳው በሀገር ውስጥ ሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ንስሐ ገብተውና ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ታኅሣሥ 10 ቀን በቀሐ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ጉድጓዱን አቶ ባምላክ፣ ምስጢርና ወይዘሮ መንበረ የላኳቸው ሰዎች አብረው ቆፍረውታል፤ ሙሉ ነው፣ ታይቷል።

ምርጫ የሚወዱት አቶ እንግዳው በላይፕዚግ በእንግድነታቸው፣ በቀሐ ዳር ዓመታቸው ባለመሙላቱ ድምፅ ሳይሰጡ አልፈዋል። ምስጢርና የጭልጋ ሰዎች ግን በመጪው ሰኔ ዓመታቸው ይሞላል፤ ሊቀ መንበር ሲመረጥ ሽንብራቸውን ይጥላሉ። ቤተሰቡ ሁላችሁም እንድትገኙ፣ ማንም ቢሸነፍ ተሰናብቶ እንዲወጣ ይለምናል።

አቶ እንግዳው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማሬን፣ ልጆቻቸውን ፍሬሰላምን፣ ናዝራዊትንና ፋሲካን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ወንድሞችና እህቶቻቸውን፣ እንዲሁም ግሥ የማይስቱ ብዙ አስጎብኚዎችን ትተው ሄደዋል።

የተለያየውን የሚያስማማ አምላክ የኃይለ ገብርኤልን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ማኅበር ይደምርልን፤ ዓመት ሳያስጠብቅ ይቀበላቸው። አሜን።