የሰባት ቁጥር ጭራ

የኔ እህት፣ ደህና ነሽልኝ? እዚህ ለጥቂት ቀን ሥራ የመጣሁበት ቤተ መጻሕፍት እንደ ማተሚያ ቤታችን ጫጫታ የለም፤ ማሳል እንኳ ያሳፍራል።

ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡት ኃላፊዋ የፊት ገጹ የጠፋ ጥንታዊ የከዋክብት መጽሐፍ አምጥተው፣ «ማን እንዳተመው ሳላውቅ መሄዴ ነው» አሉኝ። ከድሮ አታሚዎች የፊደል ናሙና ጋር ስናስተያይ ብንውልም ሁሉም ተመሳሰለብን። በኋላ «ፊደሉ ሲያደናግርሽ ቁጥሩን እዪ» የምትይኝ ትዝ አለኝና የፕላኔቶቹን ሰንጠረዥ ገለጥኩ። ባለ ቆልማማ ጭራዋ ሰባት ቁጥር ከአንድ አታሚ ናሙና ጋር ብቻ ቁርጥ አንድ ሆነች።

ሴትዮዋ እንባቸውን እየጠረጉ «ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። «ጓደኛዬ» ብላቸው፣ «ታዲያ ምነው ትተሻት መጣሽ?» ብለው ተቆጡኝ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ለኃላፊዋ ሳንቆይ ሁለታችንም አብረን እንመጣለን ብያቸዋለሁና እንዳታሳፍሪኝ።

ናፋቂሽ