የማይሞተው ሣር

ሚጡዬ፣

ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ ከጀርባሽ የምደበቀው እኔ፣ እዚህ አፌን ከፈትኩ! አክስቴ በምታጸዳው የዕፅዋት ጥናት ክፍል ውስጥ፣ ተመራማሪው ያለ ሥሩ ከላይ የተቆረጠ የዱር ሣር ወረቀት ላይ ለጥፈው «በዓመቱ የሚሞት» ብለው ሊጽፉ ሲሉ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እንኳን አይሞትም» አልኳቸው። አክስቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«ሥሩን ቢያዩት...»

ዶማ ይዘው ወጡ። ሣሩ ከበቀለበት ሲቆፍሩ፣ አንጓ አንጓ ያለው ነጭ ግንድ ከአፈር ሥር ተጋድሟል፤ በየአንጓው አዲስ ቡቃያ፣ አጠገቡ የአምና ደረቅ ጉቶ። እናንተ ጓሮ ነቅለን ነቅለን በሳምንቱ የሚስቅብንን ሣር ቁርጥ!

«ማን አስተማረሽ?»

«አረም» አልኩ፤ ሳቁ። «ብዙ ዓመት የሚኖር» ብለው ጻፉና ከሥሩ የእኔን ስም ጨመሩበት።

የደብዳቤው ወረቀት ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። ጓሮውን ስታርሚ ስሜን ጮክ ብለሽ ጥሪልኝ።