ከል ያለበስኳት መኪናህ

ታዬ ዓለሜ፣

ከሄድክ ዓመት አለፈ፤ እዚህ ጀርመን፣ ኒደርራድ ሰፈራችን ላይ ሁለተኛው ብርድ ያለ አንተ እየገባ ነው። ስለ ቤቱ ከማውራቴ በፊት አንድ ጉድ አለብኝ። ደብዳቤው መጽሔት ላይ ስለሚወጣ እናንተም አንባቢዎቼ ጠጋ በሉና ስሙ፤ ብቻ ለባሎቻችሁ እንዳትነግሩብኝ። በየወሩ በዚህ ገጽ «ቁጣችሁን ዋጥ አድርጉ፣ ከአማት ከዋርሳ ጋር በፍቅር ኑሩ» እያልኩ የምመክረው እኔው፣ ባለፈው ቅዳሜ የዋርሳዬን ከንፈር በክርኔ ተረተርኩት። አዎ፣ የወንድምህን፣ የሰለሞንን። ደሙ ቀዩዋ የስፖርት መኪናህ ላይ ተንጠባጠበ፤ ከቀለሟ ጋር አንድ ሆኖ ለማጽዳት እንኳ አስቸገረን።

ነገሩ የሚጀምረው ከእኔ ነው። አንተን ከቀበርን በኋላ እኔ ጥቁር ለብሼ እሷ ቀይ ሆና ስትስቅ ማየት አቃተኝ። ጥቁር ሸራ ገዝቼ ከኮፈኗ እስከ ጭራዋ ጠቅልዬ በገመድ አሰርኳት። ልጃችን ሊዲያ «ማማ፣ መኪና እኮ አታለቅስም» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ሙት ዓመትህ እስኪወጣ ማንም እንዳይነካት ገዘትኩ። ለካ ያኔ መንገድ ላይ የሚበተነው የበረዶ ጨው ከሥሯ ሳይታጠብ ቀርቷል፣ ሸራው ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ይዟል። ሙት ዓመትህን አውጥተን ከሉን ሳወልቅላት፣ ከኋላ ጎማዋ በላይ ፓራፋንጎው ላይ ምስር የሚያካክሉ ብጉሮች ወጥተዋል። አንዱን በአውራ ጣቴ ስጫነው ቀለሙ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰበረና ቡናማ ዱቄት ረገፈ።

ያኔ ነው ትዝ ያልከኝ! አንተና ሰለሞን አዋጥታችሁ የገዛችኋት ሰሞን፣ እሁድ ለሽርሽር ወደ ሳክሰንሃውሰን ሰፈር ልንሄድ ለባብሼ ስወርድ፣ በሯ ሥር አንዲት ብጉር አግኝተህ እኔን በነጭ ቀሚሴ መሬት አስቀምጠህ የብርጭቆ ወረቀት አስያዝከኝ። «ፋቂ! አትራሪላት! ብረቱ እስኪያበራ ፋቂ። ዝገትን የሚያባብሰው መሸፈን ነው» አልከኝ። ከዚያ ዝገት መከላከያው አንቲረስት፣ ከዚያ ቀለም። ቀሚሴ ከመኪናዋ በላይ ቀላ፤ ያን ቀን እንደሳቅነው ስቀን አናውቅም።

ስለዚህ ለሰለሞን እንፋቀው አልኩት። «ተይ እስቲ አንቺ ሴትዮ! ስቱኮ ጠቅጠቅ፣ ቀለም ነፋ ነፋ፣ ትሸጥ። ማን ያያል?» አለኝ። አትሸጥም አልኩ። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ በራሱ ቁልፍ ገብቶ እንዳለው አደረገ። ቅዳሜ ጠዋት ከሕንፃው ጀርባ ወዳለው ጋራዥ ስወርድ አንድ ጀርመናዊ ገዢ ፓራፋንጎዋን እየዳበሰ «ዙፐር! ዙፐር!» እያለ ያደንቃል። ሰለሞን ደግሞ «ምንም አልሆነችም» እያለ ይምልለታል።

ምንም አልሆነችም! ታዬ፣ ይህን ቃል ከእሱ አፍ መቼ እንደሰማሁት አንተ ታውቃለህ። ደረትህን ጨብጠህ ግድግዳ ስትደገፍ፣ እኔ ተርበትብቼ ምን ነካው ስለው፣ «ምንም አልሆነም፣ ድካም ነው» ያለኝ እሱ ነው። ሐኪሙ ስለ ልብህ የተናገረውን ሁለታችሁም ታውቁ ነበር። እኔ ያወቅሁት አፈር ከለበስክ በኋላ ነው።

ካቻቢቴውን ከመደርደሪያው መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ፓራፋንጎዋን ወጋሁት። ስቱኮው ተፈረካከሰ። ደግሜ ወጋሁ፣ እየጠመዘዝኩ ገነጣጠልኩት፣ ዝገቱ እንደ በርበሬ ጫማችን ላይ ፈሰሰ። ሰለሞን እጄን ጠምዝዞ «አበድሽ እንዴ? የወንድሜን መኪና!» ሲል በክርኔ አፉን አልኩት። እሱም ደሙን ተፍቶ ኮፈኗን በቡጢ ደለቀው፤ ጎደጎደ። «ይኸው! ልትገድያት ከሆነ አብረን እንግደላት!» ጎረቤታችን ፍራው ክላይን ከሰገነቷ «ፖሊስ እጠራለሁ!» ትላለች፤ ሊዲያ መሃላችን ገብታ «ማማ፣ ኤስ ራይሽት! ይበቃል!» እያለች ትጮኻለች። ገዢው በየት በኩል እንደበረረ እንጃ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ያን ካቻቢቴ ስሰነዝር ፊት ለፊቴ የነበርከው አንተ ነህ። መሸፈን ያባብሰዋል ብለህ ያስተማርከኝ ሰውዬ፣ የራስህን ለምን ሸፈንክብኝ? አጠገቤ ብትሆን ኖሮ የምተረትረው ያንተን ከንፈር ነበር።

ሰለሞን አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ከንፈሩን በጨርቅ ይዞ አለቀሰ። «በእናታችን አጥንት አስምሎኝ እኮ ነው። ‹አትንገራት፣ ታለቅሳለች› አለኝ። መኪናዋን ባየሁ ቁጥር ያ መሐላ ያንቀኛል፤ ከዓይኔ ትጥፋልኝ ብዬ ነው።» ይቅር ብዬዋለሁ? ገና ነኝ። ግን የብርጭቆ ወረቀቱን ለሁለት ቀድጄ ግማሹን ወረወርኩለት። «ፋቅ! አትራራላት!» አልኩት።

ቆዳችን እስኪላጥ ፋቅን። ጭቅጭቃችን መቆሙ ይበልጥ ያስፈራት ፍራው ክላይን አንገቷን አስግጋ «ሁላችሁም በሕይወት አላችሁ?» አለችን። ብረቱ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ጣቴ ዘልቆ ገባ፤ ዝገቱ በልቶ በስቶታል። ሰለሞን በሚያውቀው ጋራዥ አስበየደው፤ አንቲረስቱን እኔ ቀባሁ። የኮፈኗን ጉድጓድ እንዳለ ተውነው። አሁን የቀረው የመኪና ምርመራው ነው፤ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለቴ ነው፣ ይዘናል። ካለፈች እኛው ጋ ትቆያለች፣ ሊዲያ ትነዳታለች። ከወደቀች ለቁርጥራጭ ትሄዳለች፤ ተስማምተናል።

እኔ አንተን አልረሳም፤ ነጭ ቀሚሴንም፣ የደበቅከኝንም። ከምርመራው እንደወጣን ሦስታችንም ቀጥታ ወደ መቃብርህ እንመጣለን፤ ካለፈች ሊዲያን ከኋላ አጭቀን በእሷው፣ ከወደቀች በትራም። የሆነውንም እንደሆነው እነግርሃለሁ። ታለቅሳለህ ብዬ አልደብቅህም።

ያንተዋ ሙሉ