ሽማግሌ በማለዳ የመጣ ለት

ደብረ ታቦር
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ትዝታዬ፣ የሆዴ ልጅ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? የሐዋሳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ የጉና ብርድ እያንዘፈዘፈን ደህና ነን። ስልክ ብደውል አታነሺም፤ የአባትሽንማ ጭራሽ ትዘጊበታለሽ። ስለዚህ ወደዚያ የሚመጣ ሰው አግኝቼ ይኸው ጻፍኩልሽ። ተቆጥተሽም ቢሆን አንብቢው፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

«አባቴ የአስናቀን ሽማግሌዎች አዋርዶ መለሳቸው» ብለሽ ለአክስትሽ ነግረሻታል። አላዋረዳቸውም። ስሚኝ።

የአባትሽ እጅ እንደሚንቀጠቀጥ ታውቂያለሽ፤ ሐኪሙ ፓርኪንሰን ያለው በሽታ ነው። እሱ «ልጄን አታስጨንቂያት» እያለ ያልነገርኩሽ፣ መድኃኒቱ እንደ ድሮው ቀኑን ሙሉ እንደማይዘልቅለት ነው። ሲይዝለት ይሄዳል፣ ይስቃል፣ ከእኔ ጋር ይጣላል። ሲለቀው እግሩ ከመሬት ይጣበቃል፣ ድምፁ ይሰልላል፣ ፊቱ ይደርቃል፤ የማያውቀው ሰው የተኮሳተረበት ይመስለዋል። አንዳንዴ ደግሞ መድኃኒቱ ይበዛበትና ትከሻው ብቻውን ይወዛወዛል። «ዘፈኑ ሳይጀመር እስክስታው ቀደመ» እለዋለሁ፣ ይስቃል። ከሁሉ የሚብሰው ማለዳው ነው። የጧቱ ኪኒን እስኪሠራለት ድረስ እንጨት ነው።

ሽማግሌ ደግሞ መቼ ይመጣል? ማለዳ! የአስናቀ አባት አቶ ዳኛቸው ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ከገሳይ በዋዜማው መጥተው ከተማ አድረው፣ ወፍ ሲንጫጫ ደጃችን ደረሱ። እኔ ቅዳሴ ላይ ነበርኩ። እንደ ወጉ ቆመው «ግቡ፣ ተቀመጡ» እስኪባሉ ይጠብቃሉ። አባትሽ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያያቸዋል። ሊነሳላቸው አልቻለም፣ ሊናገርም አልቻለም። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሲወጡ አገኘኋቸው። አቶ ዳኛቸው «መልሱን ሰምተናል እመቤቴ» ብለውኝ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ። ገብቼ ሳየው በዚያ በደረቀ ፊቱ ላይ እንባው ይወርዳል።

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። የዚያን ለቱ ዝምታ ግን ልጄን ከቤቴ ሊያርቅብኝ ነው ብዬ አለቀስኩ።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። የኪኒኑን የአንድ ጊዜ መጠን አሳንሶ ሰዓቱን አቀራረበለት፤ ከወተትና ከሥጋ ጋር እንዳይውጠውም አስጠነቀቀን። ትንሽ ተሻለው። ተሻለውና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ገሳይ እሄዳለሁ።»

«አብደሃል? የሴት ልጅ አባት ደጁ ይጠናል እንጂ የሰው ደጅ አይጠናም።»

«እነሱ ሲመጡ እግሬም አፌም አልነበረም። አሁን አለ፤ ሳይሄድብኝ ተነሽ።»

ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ በተከፈተ ዕለት ረፋድ ላይ ወጣን። ግን ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ስንጠብቅ ደጉ ሰዓት እዚያው መናኸሪያ አለቀ። «እንመለስ» ብለው እምቢ አለኝ። አባትሽን ታውቂው የለ፣ ግትርነቱን መድኃኒት አይነካውም።

እነአቶ ዳኛቸው ደጃፍ ላይ ስንደርስ እግሩ መድረኩ ላይ ተጣበቀ። የቤቱ ሰዎች ሊጎትቱት ተረባረቡ፤ «ተዉት፣ ይወድቃል!» ብዬ ጮህኩ። አቶ ዳኛቸው ከውስጥ ወጥተው ፊቱን አዩት። ያን ለት ያዩት ፊት ነው። ጠጋ አሉና፣

«አያ ይሻው፣ ያን ለትም እንዲህ ሆነው ነው?» አሉት።

ዓይኑን ብቻ ከደን አደረገላቸው።

እንግዳ ደጅ አይቀመጥም፤ እሳቸው ግን ሁለት በርጩማ አስወጥተው፣ ደግፈው አስቀምጠውት፣ ከጎኑ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ባለቤታቸው እርጎ ይዘው መጡ። «ከኪኒኑ ጋር አይስማማውም፣ አይቀየሙኝ» ብዬ መለስኩ። በሌላ ጊዜ ነውር ነበር፤ እሳቸው ግን ሳይከፋቸው ውሃ አመጡለት። ኪኒኑን ዋጠ። ማንም አላጣደፈውም። አቶ ዳኛቸው እንደ ጤነኛ ሰው ስለ ድንቹ ውርጭ ያወሩለታል፤ እሱ ይሰማል። ቀስ እያለ ጣቱ ተፍታታ፣ ፊቱ ተመለሰ። ብድግ አለ።

«ልጄን ለልጅዎ ሰጥቻለሁ። ያን ለት የታሰረው ምላሴ ነው እንጂ ልቤ አይደለም» አለ።

አቶ ዳኛቸው ተነስተው ትከሻውን ሳሙት። ሁለቱም አለቀሱ፤ የእኔንማ ተዪው። ባሌን እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም፣ ትዝታ።

እንግዲህ ቀኑን በሚመለከት፣ እናንተ ከፋሲካ በኋላ ብላችሁ ነበር። አባትሽ ጥር ይሁን ብሎ አቶ ዳኛቸውንም አስማምቷል። ስንመለስ «ምን አስቸኮለህ?» ብለው፣ «ጥር ላይ ገብሱ ተወቅቶ ይገባል፤ ለድግስ ይመቻል» አለኝ። እሱ ሞፈር ከሰቀለ ወዲህ እኛ ቤት ገብስ ተዘርቶ አያውቅም። እኔም «እውነትህን ነው» አልኩት። አንቺም ስትደውይለት አትጠይቂው።

ረፋድ ላይ ደውዪለት፤ ድምፁ ያኔ ያባትሽ ድምፅ ነው። የሠርጉን ምርቃት ሰዓትም ረፋድ አድርጉት። ቆሜ ነው የምመርቃት ይላል።

የደብረ ታቦሩ ኢየሱስ መንገድሽን ያቅናው፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ ጎጆሽ ይሙቅ፣ ልጅ ይሙላበት። ለአስናቀ ከእንግዲህ ልጃችን ነህ ብላለች በዪው።

ጥርን አታሳልፊብን፣ ልጄ።

እናትሽ
ጥሩወርቅ