ዘጠና አራት እና ሠላሳ አንድ

ይድረስ ለውዷ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን ይዞሽ የነበረው ሕመም ለቀቀሽ ወይስ ጎንበስ ቀና ባልሽ ቁጥር አሁንም ያስታውስሻል? እማዬስ እንዴት ናት? እንቅልፏ ተመለሰላት? ባለቤትሽ ከስፌት መኪናው ጋር እንደተጣላ ነው ወይስ ታረቁ? ትንሿ ልጅሽ ቁንጢጧስ ጥርሷ በቀለ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር በአካሌ ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። በአካሌ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ልቤ ከደነገጠ ሁለት ወር ሆነው፤ እስካሁን ወደ ቦታው አልተመለሰም።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ «ምነው ድምፅሽ ጠፋ፣ መሬት ዋጠሽ?» ብለሽ ተቆጥተሽኛል፤ ልክ ነሽ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት። ሰው ስለራሱ መጥፎ ነገር ሲጽፍ እጁ እንዲህ እንደሚከብደው አላውቅም ነበር። አሁን ግን ከሥሩ ጀምሬ እንደሆነው ልንገርሽ።

እንደምታውቂው በዚህ የምርምር ቤተ መጻሕፍት የተመራማሪዎች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ ከሆንኩ ሰባት ዓመቴ ነው። ከእኔ ሥር አሥራ አንድ ሰው አለ፤ ካታሎግ የሚሠሩ፣ በንባብ ክፍሉ ሰው የሚያስተናግዱ፣ አንድ መጽሐፍ ጠራዥ፣ ምድር ቤት ያለውን መጋዘን የሚይዝ አንድ አንጋፋ ሠራተኛ። ዘንድሮ የበላዮቻችን ኃላፊ የተባለ ሁሉ በሙያ ብቃቱና በአመራሩ ይመዘን ብለው ወሰኑ። ከውጭ አንዲት መዛኝ መጣች፤ እርጋታዋ የሚያስፈራ፣ ሲጠይቋት ቶሎ የማትመልስ ሴት። ነገሩ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ሥራዬን ምን ያህል አውቀዋለሁ የሚለው ነው፤ እሱን በጽሑፍ ፈተናና አጠገቤ ተቀምጣ ስሠራ በማየት ትለካዋለች። ሁለተኛው ሰው እንዴት እመራለሁ የሚለው ነው፤ እሱን የሚሞሉት አሥራ አንዱ ናቸው፣ ስማቸውን ሳይጽፉ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ የደከምኩበትን አንድ ሰው መጥቶ በቁጥር ሊያስቀምጥልኝ ነው ብዬ። መዛኟ አጠገቤ በተቀመጠችበት ቀን አንድ ተመራማሪ የደራሲውንም ስም ርዕሱንም ረስቶ፣ ሽፋኑ አረንጓዴ መሆኑንና ስለ ድልድይ ሥራ የሚያወራ መሆኑን ብቻ ይዞ መጣ። ሁለት ጥያቄ ጠየቅሁት፤ በአራት ደቂቃ ውስጥ መጽሐፉን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ሴትየዋ ሰዓቷን አየችና ጻፈች። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም። እንዲያውም የጎረቤት ክፍሉን ኃላፊ «አይዞህ፣ ማለፊያ ነጥብ ታመጣለህ» ብዬ ቀለድኩበት። የትዕቢቴን ልክ እዪልኝ።

ውጤቱ የተነገረን በየተራ እየተጠራን ነበር። ገብቼ ተቀመጥኩ። አንድ ወረቀት ገፋ አደረገችልኝ። የሙያ ብቃት፣ ከመቶ ዘጠና አራት። ከሥሩ ደግሞ አመራር፣ ከመቶ ሠላሳ አንድ። የሌላ ሰው ወረቀት የሰጠችኝ መሰለኝ፤ ገልብጬ ስሜን አየሁት። የእኔው ነው። «ቁጥሩ ሳይገለባበጥ አልቀረም» አልኳት። «እኔም እንደዚያ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ደምሬዋለሁ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። 

ከዚያ አንድ በአንድ አሳየችኝ። «ስህተት ብትሠራ ለኃላፊህ ወዲያው ትነግራለህን?» የሚል ጥያቄ አለ። ከአሥራ አንዱ ዐሥሩ አይ ብለዋል። አንዱ ባዶ ትቶታል። እርስ በርሳቸው ቀይ እስክሪብቶ ብለው እንደሚጠሩኝም ያወቅሁት እዚያው ነው፤ አንዱ ረስቶ «ቀይ እስክሪብቶ ስትመጣ ሁላችንም ሥራ ላይ ነን» ብሎ ጽፏል። እሱ ላይስ ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ሳቄን የገደለው የመጨረሻው ነው። በትልልቅ ፊደል፣ እርሳስ ተጭኖ፣ እንዲህ ይላል፦ «ምድር ቤት ያለውን ብነግራት ከሥራ ታስወጣኛለች፤ ስለዚህ ዝም ብያለሁ።»

«ምድር ቤት ምን አለ?» አልኩ። መዛኟ ትከሻዋን ሰበቀች። «ይህንን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት ብዬ ነበር» አለችኝ።

እታለም፣ እዚያ መጋዘን ከወረድኩ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር። የምፈልገውን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ እልካለሁ፣ ዕቃው ይመጣልኛል፤ በቃ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም። አንጋፋው የመጋዘን ሠራተኛ ሲያየኝ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ምን ደብቀህ ነው?» አልኩት። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ሌላ ነገር መታኝ፤ በዕድሜ አባቴ ሊሆን የሚችለውን ሰው ሰባት ዓመት ሙሉ አንተ ስለው ኖሬያለሁ፤ ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። እሱም ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ የመጨረሻዋን ክፍል ከፈተልኝ።

መጀመሪያ ሽታው ነው የመጣው፣ የሻጋታ ሽታ። ከዚያ መብራቱን አበራ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጠረጴዛ ተገጣጥሟል፤ በላዩ ላይ ደብተር በደብተር ተዘርግቷል፣ በየገጹ መሐል ውኃ የሚመጥ ወረቀት ገብቶበት። ወዲያው ነው ያወቅኋቸው። ስለ ዕፅዋት ሲያጠኑ ኖረው ያለፉ አንድ ሊቅ ነበሩ፤ በሄዱበት ሁሉ ቅጠሉን በገጹ መሐል ተጭነው እያደረቁ፣ ሥሩን በእጃቸው እየሣሉ የጻፏቸው ስድሳ ሦስት ደብተሮች ናቸው። ባለቤታቸው በራሳቸው እጅ ተሸክመው አምጥተው ለእኔ ነው ያስረከቡኝ። «ከእኔ ቤት ይልቅ አንቺ ዘንድ ይሻላቸዋል» ብለውኝ፣ እኔም «በዓይኔ ብሌን እጠብቃቸዋለሁ» ብዬ ፈርሜ ተቀብያለሁ። አሁን ግማሾቹ እንደ ቦካ ሊጥ አብጠዋል፤ ቅጠሎቹ ጠቁረው ከገጹ ጋር ተጣብቀዋል። አንዱን ሳነሳው እጄ ላይ ተቦጨቀ።

ኋላ እንደነገረኝ፣ ነገሩ የሆነው ከዘጠኝ ወር በፊት ነው። በሰንበት ቧንቧ ፈንድቶ ሁለት ቀን ሙሉ መደርደሪያው ላይ ሲንጠባጠብ ሰነበተ። ሰኞ ጠዋት ያገኘው አንጋፋው ሠራተኛ ነው። ቧንቧ ሠራተኛውን ለምኖ በዝምታ አስጠገነ፤ ከዚያ ጠራዡን ጠራ፣ ጠራዡ የካታሎግ ሠራተኛዋን ጠራ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በምሳ ሰዓታቸው ተራ እየገቡ፣ ገጽ በገጽ ሲያደርቁ ኖረዋል። ሰው ደብተሮቹን ሲጠይቅ «ለጥገና ወጥተዋል» ብለው መልስ ይጽፋሉ። ያንን ወረቀት እየፈረምኩ ስመልስ የኖርኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?» ልል አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «ልነግርዎት ሁለት ጊዜ ወጥቼ ነበር» አለኝ። «መጀመሪያ ስመጣ በአንዲት ፊደል ስህተት የተነሳ ያችን የካታሎግ ልጅ በሰው ፊት እየቆጧት ነበር፤ ተመለስኩ። በማግስቱ እንደገና መጣሁ። ቀና ሳይሉ ‹ምንድን ነው የፈለግኸው?› አሉኝ። ‹ምንም› ብዬ ወረድኩ።» ያን ቀን አስታውሰዋለሁ። ፈቃድ ሊጠይቅ የመጣ መስሎኝ ነበር።

አሁን ልቤን እንደ ቢላ የሚቆርጠኝን ልንገርሽ። የረጠበ ወረቀት እንደተገኘ ሳይዘገይ ማቀዝቀዣ ገብቶ በረዶ ቢሆን ሻጋታ አይነካውም፤ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይደርቃል። ይህንን እኔ አውቃለሁ። ለሌሎች ሳይቀር አስተምሬዋለሁ፤ በፈተናው ላይም መጥቶ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። የግቢው መመገቢያ አዳራሽ ሥጋ የሚያስቀምጥበት ትልቅ ማቀዝቀዣ አለው፤ አንድ ጥግ ለመለመን አንድ ስልክ ይበቃኝ ነበር። መድኃኒቱ ላይ ቤት፣ በሽተኛው ምድር ቤት፤ በመካከሉ አሥራ አራት ደረጃ። ያንን ወጥቶ የሚነግረኝ ሰው እንዳይኖር ያደረግሁት እኔው ነኝ። ዘጠና አራቴን ታቅፌ የጋን ውስጥ መብራት ሆኜ ኖሬያለሁ።

ተቀመጥኩ፤ ወንበር መኖሩን እንኳ ሳላይ። አንጋፋው ሠራተኛ ውኃ አመጣልኝ። «ስንቱ ዳነ?» አልኩት። «አርባ አንዱ ይነበባል። ሃያ ሁለቱ አልሆነም» አለ። ያለ ማቀዝቀዣ፣ ያለ መሣሪያ፣ በምሳ ሰዓት፣ ፈርተው ተደብቀው አርባ አንድ ደብተር ማዳናቸው አሁን ሳስበው ራሱ ያስደነግጠኛል።

በዚያው ቀን ለበላዮቼ ጻፍኩ፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ ሦስቱ ግን መመስገን እንጂ መጠየቅ እንደሌለባቸው። በማግስቱ የሊቁ ባለቤት ቤት ሄድኩ። በስልክ ልንገራቸው ብዬ አስቤ ነበር፤ አንጀቴ እምቢ አለኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልጮሁም። መነጽራቸውን አደረጉና «የትኞቹ ናቸው?» አሉኝ። የጠፉትን ቁጥር ከዝርዝሩ እያየሁ አነበብኩላቸው። አሥራ ሰባት ስል እጃቸውን አነሱ። «እሱ የተጋባን ዓመት የጻፈው ነው» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «አልቆጣሽም፤ ግን ግድ የለም አልልሽም» አሉኝ። ከስድብ የባሰ ነው የቆረጠኝ፣ እውነት ስለሆነ። በሳምንቱ መጥተው ጠራዡ አጠገብ ተቀምጠው የዳኑትን አንድ በአንድ አዩ፤ የደበዘዘውን የባላቸውን ጽሕፈት እያነበቡለት እሱ ሲገለብጥ ዋለ። አሁን በየሳምንቱ ይመጣሉ። እኔን ሰላም ይሉኛል፤ ከዚያ የበለጠ ግን አያወሩኝም።

የበላዮቼ ከኃላፊነቴ አላነሱኝም፤ በስድስት ወር እንደገና ልመዘን ነው። ቢያነሱኝ የሚቀል መስሎኝ ነበር፤ በየቀኑ የሠራተኞቼን ዓይን እያዩ መግባት ነው የከበደው። አሥራ አንዱን ሰብስቤ ይቅርታ ጠየቅሁ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው ሰዓቱን አየ። ወዲያው ያምኑኛል ብዬ መጠበቄም ሞኝነት ነበር። አንጋፋውን ሠራተኛ እርስዎ ማለት ስጀምር እሱ ራሱ ደነገጠ፤ «ምነው፣ ሊያሰናብቱኝ ነው?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር እየተመላለሰ ያንገበግበኛል። አምና እማዬ አዳልጧት ክንዷ የተሰበረ ጊዜ እኔ የሰማሁት ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ ጄሶው ከወለቀ ወዲያ ነው። «እንዳትደነግጪ ብለን ነው» አላችሁኝ፤ አመንኩ። አሁን ግን እጠራጠራለሁ። አዝናችሁልኝ ነው ወይስ ፈርታችሁኝ? ማን ብቻዋን ተዋት፣ ሐኪም ቤት ለምን ዘገያችሁ እያልኩ እንደማፋጥጥሽ አውቀሽ ነው? ስትመልሺልኝ እኔን ለማስደሰት ብለሽ አትጻፊ። የመጣው ይምጣ፣ እችለዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ የካታሎግ ሠራተኛዋ ጋሪ እየገፋች ወደ እኔ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። «አንድ ነገር አበላሽቻለሁ» አለችኝ። ሦስት መቶ ያህል መጻሕፍት ላይ የተሳሳተ የመደርደሪያ ቁጥር ለጥፋለች፤ አብዛኞቹም ያለ ቦታቸው ተደርድረዋል። ቁጣው እንደ ልማዱ መጣብኝ፤ ጠፍቶልኛል ብዬ አልዋሽሽም። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና «መቼ ነው ያወቅሽው?» አልኳት። «አሁን ነው፣ ዐሥር ደቂቃ ቢሆነው ነው» አለችኝ። ዐሥር ደቂቃ፣ እታለም። ከጋሪው የመጀመሪያውን መጽሐፍ አነሳሁና የተለጠፈውን ቁጥር አብረን መላጥ ጀመርን። ሁለት ቀን ፈጀብን።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይህንን ደብዳቤ ግን ቀስ ብለሽ፣ የሚከብደውን እየዘለልሽ አንብቢላት። ለባለቤትሽ የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርቢ፤ መኪናውን ዘይት ይቀባት እንጂ አይሳደባት በይልኝ። ኩርፊያሙ ልጅሽ የላከልኝ ሥዕል ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ፈረስ ይሁን ጠረጴዛ ራሱ ይጻፍልኝ። ቁንጢጧን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን አዋላጇን ሰላም በይልኝ። አንቺን ደግሞ ከሩቅ ሆኜ አንገትሽን አቅፌ እስምሻለሁ።

ታናሽ እህትሽ

ከንባብ ክፍሉ ማዶ ካለችው ጠባብ ቢሮዬ
እሑድ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን