ላሞቹ የተኙበት ጎማ

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህ እንዴት ነው? አሁንም ቆመህ ነው የምትውለው ወይስ እንዳሉት ወንበር ሰጡህ? ምራታችንስ ያ ሳል ለቀቃት? መንትዮቹስ አሁንም በአንድ ትራስ እየተጣሉ ነው የሚተኙት? አማትህስ ከዓይን ሕክምናው በኋላ እንዴት ሆኑ? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንንም። እማዬ ጉልበቷ አንዳንዴ ያስቸግራታል፤ ምላሷ ግን አንድ ቀንም ታሞ አያውቅም። አባባም ደህና ነው። እንዲያውም ከደህናም በላይ ነው፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም በእሱ የተነሳ ነው።

ባለፈው ስትደውል «አባባ ምን አግኝቶ ነው እንዲህ የሚስቀው?» ብለህ እማዬን ጠየቅሃት። እሷ ደግሞ «ላሞቹ ተኙለት» ብላህ ገና ሳታብራራ መስመሩ ተቋረጠ። አባትህ አእምሮውን ሳተ ወይስ እናትህ ብለህ እንቅልፍ አጥተህ ይሆናል። ሁለቱም ደህና ናቸው። ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

አባባ ጎሚስታ ሆኖ በኖረበት ዘመን ሁሉ አንድም አሮጌ ጎማ አውጥቶ እንዳልጣለ ታውቃለህ። ባለመኪናው አዲስ አስገጥሞ አሮጌውን ትቶ ሲሄድ አባባ እያንከባለለ ጓሮ ያስገባዋል። «ይጠቅማል» ይላል። ለምን እንደሚጠቅም ሲጠየቅ ግን ወሬ ይቀይራል። አንተ ስትሄድ ክምሩ እስከ መስኮቱ ነበር፤ ዘንድሮ አጥሩን አልፎ የአናጺውን ጓሮ ቁልቁል ማየት ጀምሮ ነበር። ክረምቱ ሲገባ በየጎማው ሆድ ውስጥ ውኃ ተጠራቀመ፣ ትንኝ ፈላ፣ የአናጺው ትንሿ ልጅ ትኩሳት ይዟት ሆስፒታል ገባች። ተመስገን፣ ልጅቷ ዳነች። አናጺው ግን ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ከሰሰን። አልፈረድኩበትም፤ ልጁን ታቅፎ ሲሮጥ አይቼዋለሁ።

ከማዘጋጃ ቤት አንድ ቀጭን ሰውዬ መጥቶ ጓሮውን ዞሮ አየ። አልተቆጣም። «አባቴ፣ ክረምቱ ሲወጣ ይህ ነገር እዚህ ካለ ሱቁን አሽጋለሁ፤ ሌላ አማራጭ የለኝም» አለው። ወሬው እንደተሰማ አንድ የጡብ ምድጃ ያለው ሰው መጣና «እኔ ላንሳላችሁ፣ ለማገዶ ይሆነኛል» አለ። አባባ ክምሩን ብዙ ሲያየው ቆየና «እሺ» አለ። ሥራውም ቢሆን እንደ ድሮው አልነበረም። ደንበኞቹ ሁሉ ዋናው መንገድ ላይ ወዳለው፣ ማሽን ወዳስገባው ጎሚስታ ሄደዋል። አባባ በር ላይ የሚቀመጠው ከልማድ ብዛት ነበር እንጂ የሚለጥፈው ጎማ ስላለው አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ወተት ላመጣ ከወንዙ ማዶ ወዳሉት ሴትዮ ሄድኩ። አታውቃቸውም፤ በረቱን የከፈቱት አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። ድምፃቸው ከበረቱ እዚህ ስለሚሰማ ሰፈርተኛው «እመት ነጎድጓድ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ አይከፋቸውም። የዚያን ዕለት ግን ድምፃቸው ጠፍቶ በረቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር። አንዷ ላማቸው እርጥቡ ሲሚንቶ አንሸራትቷት ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ታርዳለች። «የቀሩትም ፈርተውብኛል። አይተኙም፣ ቆመው ያድራሉ። ቆሞ ያደረ ከብት ምን ወተት አለው?» አሉኝ።

ወለሉን አየሁት። ታጥቦ እንደ መስታወት ያበራል። እኔ እንግዲህ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ራቁቱን የቀረ ነገር ሳይ ልቤ አያርፍም። «ወለሉን ላልብስልዎት?» አልኳቸው። እንባቸውን እየጠረጉ «ላሞቼ ሙሽሮች መሰሉሽ?» አሉኝ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። «አንድ ምንጣፍ ከጎማ ሠርቼ ላምጣና ይዩት፤ ካልወደዱት እመልሰዋለሁ» ብያቸው ወተቱን ሳልይዝ ወደ ቤት ገሰገስኩ።

ለአባባ ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። «ጎማ የተሠራው ለመንገድ ነው። ስንት ሰው ተሸክሞ አገር ያዞረ ዕቃ ያስቀመጥኩት ላም ልትሸናበት ነው?» አለኝ። «ጡብ ቤት ሄዶ ጭስ ከሚሆን ቢሸናበት አይሻልም?» አልኩት። ተናዶ ወጥቶ ሄደ። ነገሩን የጨረሰችው እማዬ ናት። ሲመለስ ጠብቃ «ለልጅህ የከለከልከውን ለእሳት ልትሰጥ ነው?» አለችው። አባባ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። እማዬ ወደ እኔ ዞራ «እሺ ብሏል» አለችኝ።

ጎማ መቁረጥ ቀላል እንዳይመስልህ። መቀሴ አፉ ታጠፈ። በሥጋ ቢላ ሞከርኩ፣ በመጋዝ ሞከርኩ፤ ጎማው ስለቱን ነክሶ ይይዛል እንጂ አይለቅም። እጄ ውኃ ቋጠረ። በመጨረሻ በያጁ ጓደኛህ፣ ያ ተማሪ ቤት «ብልጭታ» የምትሉት፣ መጥቶ አየኝና ሆዱን ይዞ ሳቀ። ስቆ ሲወጣለት ግን ከአሮጌ የጭነት መኪና ላይ በፈታው መጎተቻ አንድ መሣሪያ ሠራልኝ። የጎማውን ከንፈር የያዘውን ወፍራም ሽቦ እንደ ጥርስ ነቅሎ ያወጣዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ሙያ ነው። በሳሙና ውኃ እያረጠብኩ ጎንና ጎኑን እለያለሁ፣ መሐሉን እዘረጋለሁ፣ በጠመኔ አሠምራለሁ፣ እንደ ቀበቶ እሸነሽናለሁ፣ ከዚያ በብሎን አጋጥመዋለሁ። ልብስ ከመስፋት የሚለየው ክሩ ብሎን መሆኑ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ምንጣፍ በጋሪ አስጭኜ ስወስድ መሬቱን የረገጥኩት አይመስለኝም። በማግሥቱ ስሄድ ግን እመት ነጎድጓድ ምንጣፉን አጥር ላይ አስደግፈውት አገኘሁ። ከጎማው ሥጋ ውስጥ የተደበቀ ቀጭን ሽቦ ብቅ ብሎ አንዷን ላም ጉልበቷን ቧጥጧታል። «ልጄ፣ ልብሽ መልካም ነው፤ ላሞቼን ግን ተይልኝ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ምንጣፉን ይዤ ስመለስ መንገድ ዳር የቆሙት ጎረምሶች «የላም ልብስ ሰፊ መጣች» እያሉ ተሳሳቁብኝ። ቤቴ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ትቼው የነበረውን የተማሪ ልብስ መስፋት ጀመርኩ። የጡብ ቤቱ ሰውም መኪና እንደሚልክ አስታውቋል። በቃ፣ ተሸንፌያለሁ አልኩ።

እየሰፋሁ ሳለ የስፒል ቆርቆሮው በክንዴ ተመትቶ ተደፋ። ስፒል የምለቅምበትን ማግኔት አንስቼ ወለሉን ሳስስ እጄ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ዓይኔ ያላየውን ሽቦ ይህ ነገር ያየዋል። ሮጬ ጓሮ ወጣሁና ማግኔቱን በጎማዎቹ ሆድ ዕቃ በኩል አስጠጋሁት። አንዳንዱ ጎማ ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል፣ አንዳንዱ ምንም አይለውም። የሚይዘው ውስጡ በሽቦ የታታ ነው፤ የማይይዘው በክር ነው። ለካ ክር ያለው ጎማ እየጠበቀኝ ኖሯል። ለእማዬ እየጮህኩ ስነግራት አባባ በር ላይ ተቀምጦ ሰማ፤ ዞርም አላለ።

በነጋታው ጠዋት ጓሮ ውስጥ ጎማ ሲንከባለል ሰምቼ ብወጣ አባባ ነው። ማግኔቴን ዱላ ጫፍ ላይ አስሮ እያንዳንዱን ጎማ ሆዱን እንደሚመረምር ሐኪም ይነካካዋል፤ የክሩን ወደ ቀኝ፣ የሽቦውን ወደ ግራ ያንከባልላል። ቀና ብሎ አየኝና «ማነው እንዲህ አደባልቆ የከመረው?» አለኝ፣ ኮስተር ብሎ። እኔም ቢላዬን አነሳሁና ሥራዬን ቀጠልኩ። የጡብ ቤቱ መኪና ሲመጣም በሩን የዘጋበት እሱ ራሱ ነው።

ሁለተኛው ምንጣፍ ሲያልቅ እመት ነጎድጓድ ዘንድ የሄደው አባባ ነው። ማንንም ለምኖ የማያውቀው አባትህ ኮፍያውን አውልቆ «አንድ ጋጣ ብቻ ይስጡን። ላሚቱ ካልወደደችው ተሸክሜው እሄዳለሁ» አላቸው። ሰጡን፤ ያውም ክፉውን፣ ውኃ የሚቆምበትን። አባባ ተንበርክኮ አነጠፈው፣ በመዳፉ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው። ከዚያ ቀይዋን አስገቧት። ይቺ ላም ከዚያ አደጋ ወዲህ ጭራሽ ያልተኛችው ናት።

አሸተተችው። አንድ እግሯን አስቀደመች፣ መለሰችው፣ ደግማ አስቀመጠችው። እኛ ትንፋሻችንን ውጠን ቆመናል። ሁለት ጊዜ ዞረች፣ የፊት ጉልበቷን አጠፈች፣ ከዚያ ያ ትልቅ ገላ ዝርግት ብሎ ተኛ። እንዴት ያለ ትንፋሽ እንዳወጣች ልነግርህ አልችልም፤ ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣ ሰው ወንበር ሲያገኝ የሚተነፍሰው ዓይነት ነው። ዓይኗን ከደን አድርጋ ማመስኳት ጀመረች። የእመት ነጎድጓድ ድምፅ ተመለሰና «ለሁሉም ስፊላቸው» ሲሉ በረቱ ተናወጠ። አባባን ዞሬ ብፈልገው አጣሁት። ከበረቱ ጀርባ ቆሞ አፍንጫውን እየጠረገ ነበር፤ አቧራ ነው አለኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። የእመት ነጎድጓድ ወተት ሲጨምር ድምፃቸው ማስታወቂያ ሆነልን፤ ላም ያለው ሁሉ እየመጣ ያስለካል። ሁለት የሰፈራችን ሴቶች ከእኔ ጋር ይሠራሉ፣ ብልጭታ ሁለተኛ መጎተቻ እየሠራልን ነው። ሽቦ ያለባቸውንም አልጣልናቸውም። ከአናጺው ጋር አፈር ሞልተን ዳገቱ ላይ ደረጃ አደረግናቸው፤ ያቺ የታመመችው ልጁ ላዩ ላይ ስትዘል ትውላለች። አናጺው «ይቅርታ» ሊል ሲመጣ አባባ «አንተ ባትከሰኝ ይሄኔ በር ላይ ተቀምጬ ነበር» ብሎ መለሰው።

የማዘጋጃ ቤቱ ቀጭን ሰውዬም ክረምቱ ሲወጣ ማሸጊያውን ይዞ መጣ። ጓሮው ባዶ ነው። ቆሞ አየና «አባቴ፣ የእኛ ጋራዥ ውስጥም ብዙ ጎማ አለ፤ ብናመጣላችሁ ትቀበላላችሁ?» አለው። አባባ እጁን ወደኋላ አጣምሮ «እንደ ጎማው ነው» አለ። አባትህ እንዲህ ሥራ አስኪያጅ ሆኖልሃል።

ትናንት ደግሞ ሰሌዳ የሚጽፈው ሰው መጣ። «ጎሚስታ እና ልጅ» ብሎ ሊጽፍ ሲል አባባ እጁን ያዘው። «ልጅ እና ጎሚስታ በለው» አለው። ሰውዬው «አባት ይቀድማል እኮ» ቢለው «ሠሪዋ እሷ ናት፤ እኔ ማግኔት ያዥ ነኝ» አለው። እንደዚያው ተጽፏል፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም። እኔ ቢላ እየሳልኩ ያልሰማሁ መሰልኩ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ይህን ሁሉ ዘመን የዚህን ቤት ጣሪያ በወገብህ ተሸክመህ ኖረሃል። አሁን አውርደው። ለእኛ ስትል ትርፍ ሰዓት አትግባ፤ ለእኛ የምትልከውን አጠራቅመህ ልጆቹን ይዘህ ና። አባባም «ጓሮው ሰፊ ሆኗል፣ ይሩጡበት በይው» ብሎኛል።

ለምራታችን ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ሳሉን እንዳትንቀው። ለመንትዮቹ፣ ለፊተኛውም ለኋለኛውም፣ እኩል እኩል ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ እንዳይጣሉ። ለአማትህ እግዜር ብርሃናቸውን ይመልስላቸው በልልኝ። እማዬ «በልቶ ይደር» ትላለች። ብልጭታ «ስልክ ስታነሳ አትዝጋብኝ» ብሎሃል። አባባ አሁን አጠገቤ ቆሞ «ሰላም በይው፣ ሌላ አትጨምሪ» እያለኝ ነው፤ አልሄድ ግን አለ።

ሁልጊዜ የምትናፍቅህ ታናሽ እህትህ
ከጓሮው ሥራ ቤት
ኅዳር 14 ቀን