ከዐቃቤ ሕግነት እስከ ፌዴራል ዳኝነት፦ የእትዬ ደወል የሕይወት ታሪክ

እኛ የእህትና የወንድም ልጆች «እትዬ ደወል» የምንላቸው ክብርት ዳኛ አክስታችን፣ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው የስንቱን ልጅ እትብት ቆርጠው ሳለ፣ «እንደዚህች የጮኸ ግን አልገጠመኝም» ይሉ ነበር። ቅጽል ስሙም የወጣላቸው ያን ዕለት ነው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው፣ በ1971 ዓ.ም. በሕግ ዲግሪያቸውን ይዘው ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። የቢሯቸው ግድግዳ ስስ ስለነበረ፣ በጎረቤት ክፍል ያሉት ጸሐፊዎች ክሱን ፍርድ ቤት ሳይደርስ በቃላቸው ይወጡት ነበር። ሐሰተኛ ምስክር እሳቸው ፊት ሲቆም ምላሱ ይተሳሰራል።

በ1975 ዓ.ም. ጥርሳቸውን አሟቸው ለመታከም ሄደው፣ መርፌው ለምን እንዳስፈለገ እሳቸው በመስቀለኛ ጥያቄ ካፋጠጧቸው የጥርስ ሐኪም ጋር በዚያው ዓመት ትዳር መሠረቱ፤ ሁለት ሴት ልጆችንም አፈሩ። ባለቤታቸው፣ «ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሳስከፍት እውላለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን የአንዷን ማስዘጋት አቃተኝ» እያሉ በኩራት ያማርሩ ነበር።

በ1990 ዓ.ም. የፌዴራል ዳኛ ሆነው ተሾሙ። ሹመቱ ለቤተሰቡ ደስታ፣ ለእሳቸው ግን ፈተና ሆነ። ገና በመጀመሪያው ችሎት ዐቃቤ ሕጉ ምስክሩን ለይስሙላ ጠይቆ ሊቀመጥ ሲል፣ አክስታችን ከዳኝነት ወንበራቸው ብድግ ብለው ምስክሩን ያጣድፉት ጀመር። ተከላካይ ጠበቃው ግራ ገብቷቸው፣ «ተቃውሞ አለኝ፤ ግን ለማን ላቅርብ?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው ዳኛ በኋላ ለብቻቸው ጠርተው፣ «እህቴ፣ እስከ ዛሬ የኖርሽው በአፍሽ ነው፤ ከእንግዲህ የምትኖሪው በጆሮሽ ነው» አሏቸው። ያን ቀን ምሳ አልቀመሱም።

ከዚያ ወዲህ ችሎት ሲቀመጡ ከረሜላ በጉንጫቸው መያዝ ጀመሩ፤ አፋቸው ሥራ ካልተሰጠው ራሱ ሥራ ይፈልጋልና። ባለቤታቸው አቤት ቢሉ ሰሚ አላገኙም። አክስታችን ለፍትሕ ሲሉ ሁለት መንጋጋ ጥርስ ገብረዋል።

በ1994 ዓ.ም. የአንድ መድኃኒት መጋዘን ዘበኛ በስርቆት ተከሶ ቀረበ። ከሳሹ እሳቸው ራሳቸው ኮትኩተው ያሳደጉት ወጣት ዐቃቤ ሕግ ነበር። ተከሳሹ ቃሉን ሲሰጥ፣ ወጣቱ «በሩ ሲከፈት የት ነበርክ?» ብሎ መጠየቁን ዘነጋው። ጥያቄው አክስታችን ጉሮሮ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ከረሜላውን ሲቆረጥሙት እስከ ኋለኛው ወንበር ተሰማ። በልባቸው ሰውየውን ቢጠረጥሩትም ማስረጃው አልበቃምና፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በነፃ አሰናበቱት። ወጣቱ አኩርፎ ሰላምታ ነፈጋቸው። እሳቸውም «ሌባ ለቀቅሁ ይሆን?» እያሉ ስንት ጊዜ ተብሰለሰሉ።

ከወራት በኋላ የመጋዘኑ ኃላፊ ከተሰረቀው መድኃኒት ጋር እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ዘበኛው ሊያመሰግን መጥቶ ኮሪደር ላይ አገኛቸው። «ክብርት ዳኛ፣ የት ነበርክ ቢሉኝ እዋሽ ነበር» አላቸው አቀርቅሮ። «ተኝቼ ነበር። ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ውሸቱ ደግሞ አያምርብኝም፤ ወዲያው ይነቃብኝ ነበር።» ትከሻውን መታ መታ አድርገውት አለፉ። ቤት ገብተው ግን አለቀሱ። «አንድ ከረሜላ ሰው አዳነ!» ሲሉ፣ ባለቤታቸው «ጥርስሽን ግን አላዳነም» አሏቸውና እንባና ሳቅ ተቀላቀለ።

በ2009 ዓ.ም. በክብር ጡረታ ወጡ። ባደረባቸው የልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ ማን ያስታምም በሚል ልጆቻቸው አልጋው አጠገብ ተከራከሩ። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣ «ሁለታችሁም ሂዱና ዕረፉ፤ አባታችሁ ይቆይልኝ» ብለው ወሰኑ። መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ እንዳለ፣ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ።

ክብርት ዳኛ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። ስንቱ ሰው እሳቸው ፊት ቆሞ ፍርድ ጠብቋል፤ ዛሬ እሳቸው በሚቆሙበት ፊት ምሕረት ይቅደምላቸው። ነፍሳቸው በሰላም ትረፍ፤ ለባለቤታቸውና ለሁላችንም መጽናናቱን ያድለን።